ሦስተኛው ኪስ

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ፣ ሮቤ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ሳርም፣ በስልኬ ሁለት ፎቶግራፎች ደረሱኝ፤ የአንድ ጠገራ ብር ፊትና ጀርባ። የንግሥቲቱ ምስል ያለበት ማርትሬዛ ነው፤ በባሌ ምድር በአንድ ወቅት ከሙሽራ አንገት የማይጠፋው ዓይነት። ፎቶዎቹ ፀሐይ ላይ ስለተነሡ ሳንቲሙ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ከሥራቸው እንዲህ የሚል ጽሑፍ ነበር፦ «መምህርት፣ እንደምን አረፈዱ። ሻጩ የዲንሾ ሰው ነው፤ ገዢው አዳማ ነው ያለው። ግማሹ ክፍያ በስልክ ተልኳል። ገዢው ታጥቦ ደረሰኝ፣ ቀሪውን አልከፍልም፣ የከፈልሁትም ይመለስልኝ ይላል። ሻጩ ደግሞ አጽድቼ በመላኬ ልመሰገን ይገባኛል ባይ ነው። እስከ ማታ አንድ ነገር ይበሉን።» ጸሐፊው የድሮ ሳንቲም፣ የወረቀት ገንዘብና ቴምብር የሚሰበስቡ ሰዎች የተገናኙበትን የስልክ ቡድን የሚያስተዳድር የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነው። እኔ ሰብሳቢ አይደለሁም፤ ሆኜም አላውቅም። በገዢና በሻጭ መካከል የክፍያ ጠብ ሲነሣ ግን ጉዳዩ ወደ እኔ ይመጣል። ለምን እንደሚመጣ በትክክል የሚያውቅ ሰው በቡድኑ ውስጥ የለም፤ «ድሮ ጎባ ሳሉ ይሠሩት ነበር አሉ» ከማለት በቀር።

ፎቶዎቹን ደጋግሜ አየኋቸው። ለማያውቅ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል፤ ያጸዳ እንዴት ይከሰሳል? ብር ዘመን ሲያልፍበት ከላዩ ጥቁር ወይም ግራጫ ስስ ሽፋን ያወጣል። ሰብሳቢዎች ይህን ሽፋን «ቆዳ» ይሉታል፤ ሳንቲሙ ኖሮ ማርጀቱን የሚመሰክረው እርሱ ነውና ለእርሱ ብለው ይከፍላሉ። በሎሚና በአመድ የፈተገው ሰው ቆዳውን ብቻ አይደለም የሚገፍፈው፤ ከሥሩ ያለውን ብር ጭምር ይልጣል፣ የንግሥቲቱን ዘውድ ዕንቁዎች ይደፈጥጣል። የኬሚስትሪ መምህር ስለሆንሁ ይህን በሰሌዳ ላይ በቀመር ጽፌ ማስረዳት እችላለሁ። ከፎቶው ላይ የሎሚው ሽታ ወጥቶ አፍንጫዬን መታኝ ብል ግን ቀመር የለኝም። ብዕሬን አስቀምጬ ተነሣሁ፤ የቀሩትን ወረቀቶች በዚያ ቀን አላረምኋቸውም።

ጎባ የገባሁት ዩኒቨርሲቲ በጨረስሁ በሁለተኛው ወር፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አውቶቡሱ ከሻሸመኔ ተነሥቶ ቀኑን ሙሉ ሲወጣ ሲወርድ ውሎ፣ ዲንሾ ላይ ጉሙ ውስጥ ሲገባ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን ደርበው እርስ በርስ ተጠጋጉ፤ እኔ ስስ የጥጥ ሹራብ ብቻ ነበር የለበስሁት። የጎባ ብርድ ከላይ የሚመጣ ብርድ አይደለም፤ ከመሬት ተነሥቶ በጫማ ሶል በኩል የሚወጣ ነው። ያኔ ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ ትኩስ ዳቦ በሠላሳ አምስት ሳንቲም ይገኝ ነበር፤ ለአንድ ክፍል የጭቃ ቤት በወር ሠላሳ ብር እከፍል ነበር። ሴት መምህራን ከጉልበት በታች የሚወርድ ጉርድ ቀሚስና ባለ አንገትጌ ሹራብ እንለብሳለን፤ የደላቸው የሱፍ ካፖርት ነበራቸው። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ወደ ገበያው ሲወረድ፣ መንገዱ ወደ ግራ በሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጡ ሰዎች ገመድ ይወጥሩ ነበር። በዚያ ገመድ ላይ አንድ አመድማ ካፖርት ተሰቅሎ አየሁ፤ ትከሻው ቀጥ ያለ፣ ገበሩ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሐር መሳይ ጨርቅ፣ አራት ትልልቅ የቀንድ ቁልፎች ያሉት። ዋጋው ሰማንያ አምስት ብር ነበር። ለአምስት ወራት በዚያ ማዕዘን ባለፍሁ ቁጥር አለመሸጡን ዓይኔ ሳያረጋግጥ አላለፍሁም። ዛሬ በዚያ ቦታ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ታች ቤቱ የስልክ መለዋወጫ ይሸጥበታል።

ከማዕዘኑ ፊት ለፊት የጋሽ ታደሰ ፎቶ ቤት ነበር። ለደመወዝ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ልነሣ የገባሁ ቅዳሜ፣ ከጀርባ ባለው ክፍል ሰባት ስምንት ወንዶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አጎንብሰው አየሁ። ፏፏቴ የተሣለበት መጋረጃ ወደ አንድ ጎን ተገፍቶ፣ ሬዲዮው በአፋን ኦሮሞ ሲያዜም፣ ሰዎቹ ግን ዘፈኑንም እኔንም አልሰሙም። በመካከላቸው በፎጣ ላይ የተደረደሩ ሳንቲሞች ነበሩ። ሰብሳቢዎች ናቸው፤ ከዲንሾና ከሮቤ፣ አንዳንዴም ከሶፍ ዑመር በኩል ድረስ በየቅዳሜው ይመጣሉ። ጋሽ ታደሰ ቴምብር ይሰበስባል፤ ጋሽ ሽኩር የተባለው የጨርቅ ነጋዴ ጠገራ ብር ብቻ ነበር የሚሻው። ማጉያ መነጽሩን ከኮቱ የውስጥ ኪስ ሲያወጣ እንደ ሐኪም ነበር፤ መጀመሪያ በመሐረብ ይጠርገዋል፣ ከዚያ ትንፋሹን ይይዛል። የዘውዱን ዕንቁዎች ሲቆጥር ያናገረው ሰው ቁጥሩን ከዜሮ ያስጀምረዋል።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ጠብ ነበራቸው። ጠቡ ትንሽ ነው፤ የሃያ ብር፣ የአሥራ አምስት ብር፤ ነገር ግን ሰብሳቢ ስለ ሃያ ብር ሲጣላ ስለ ሃያ ብር አይደለም የሚጣላው። አንዱ የቴምብሩ ጥርስ ጎድሏል ይላል። አንዱ ለገዢው ክብር ብሎ የድሮ የወረቀት ብር በከሰል ካውያ ተኩሶ ያመጣል፣ ገዢውም ደም ሊተፋ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ሥርዓት አወጡ፤ «ሦስተኛ ኪስ» ይሉታል። ውል የተፈጸመበት ዕቃና ገንዘብ ክርክር ከተነሣበት ሁለቱም ሰብሳቢ ያልሆነ ሰው እጅ ይገባሉ፤ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም አይነካቸውም። በሳምንቱ ቁጣው ሲበርድ ኪሱን የያዘው ሰው ይፈርዳል። ሌላም ያልተጻፈ ሕግ ነበራቸው፤ ሻጭ ለምን እንደሚሸጥ አይጠየቅም፣ አይናገርምም። ችግሩ የታወቀበት ሻጭ ዋጋው በዚያው ይወርዳልና፣ ሕጉ የወጣው ሻጭን ለመጠበቅ ነበር።

ጉርድ ፎቶዬን ልወስድ በተመለስሁ ጊዜ ጋሽ ታደሰ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «ቲቸር፣ ሳንቲም ትወጃለሽ?» አለኝ።

«ለሻይ ሲሆን» አልሁት።

«ቴምብርስ?»

«ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰው ብዙ የለም።»

ወደ ጓደኞቹ ዞሮ «አገኘሁላችሁ! ሳንቲም አትመኝ፣ ወሬ አታበዛ፣ ዘመድ እዚህ የላት። ለሦስተኛ ኪስ የተፈጠረች ናት» አለ።

ጋሽ ሽኩር ማጉያውን ከዓይኑ ሳያነሣ «ኪስ አላት ወይ? የሴት ቀሚስ ኪስ የለውም» አለ፤ ሳቁ። እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ። እንዲህ ሆኜ ገባሁበት።

በሥራው እንደተደሰትሁ መካድ አልችልም። ለእያንዳንዱ ክርክር አንድ ቡናማ ፖስታ፣ በፖስታው ላይ ቀን፣ የዕቃው ገለጻ፣ የገንዘቡ መጠን፣ የሁለቱ ወገኖች ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። ውሳኔዬን በአንድ ገጽ ላይ እጽፋለሁ፤ የቀረበው ነገር፣ የተመረመረው፣ የተወሰነው። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰዎች ያንን ገጽ ሳነብ ኮፍያቸውን አውልቀው ይሰሙኝ ነበር። በአምስት ወራት ውስጥ አሥራ አንድ ጉዳይ ፈረድሁ፤ አንዱም አልተመለሰብኝም። ሳምንቱን ስጠብቅ ምንም ነገር አያስቸኩለኝም ነበር፤ ሕጉ ከእኔ የሚሻለው በዚህ ነው ብዬ አምን ነበር።

አዴ ኑሪያ የመጡት ከአሥራ አንደኛው ጉዳይ በኋላ ነው። ከጎባ ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ስድሳውን ያለፉ ሴት ናቸው፤ «አዴ» በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። ጥቁር ሻሽ አስረው፣ በትር ይዘው፣ ልጃቸው ሐሊማ ክንዳቸውን ይዛ መጡ። ከድሪያቸው የቀረው አንድ ጠገራ ብር ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ቀደም ብለው ተሸጠዋል፤ ለምን እንደተሸጡ ማንም አልጠየቀም። ጋሽ ሽኩር ብሩን በማጉያው አየና ዕንቁዎቹን ሁለት ጊዜ ቆጠረ። እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ግን ሁሉም ዕንቁ ተነጥሎ የሚቆጠርበት ነበር። ለወትሮው ከሚከፍለው አምስት እጥፍ፣ ሁለት መቶ ስድሳ ብር ተናገረ። አዴ ኑሪያ «በረካ ይሁን» አሉ። ገንዘቡን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሊያመጣ ተስማሙ፤ ብሩም እስከዚያ እርሳቸው ዘንድ እንዲቆይ ለመኑ። የእናታቸው ነበርና ሊሰናበቱት ፈለጉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ሽኩር ሁለት መቶ ስድሳውን በአዲስ ኖት ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አዴ ኑሪያም ከመቀነታቸው አንዲት ነጭ ጨርቅ ፈትተው ብሩን አወጡ። ክፍሉ ውስጥ ብርሃን የገባ መሰለ። ሬዲዮው እየዘፈነ ነበር፤ አንድ ሰው ተነሥቶ አጠፋው።

«ያ አላህ» አለ ጋሽ ሽኩር። «ቆዳውን ገፈፉት! ቲቸር፣ እዪው፤ ገፈፉት!»

ጋሽ ታደሰ ነገሩን ሊያበርድ ብሎ «ምን ይደረግ፣ ሽኩር ቆሻሻ ይወዳል። ሚስቱ ሰሃን እንዳታጥብ ከልክሏታል አሉ» አለ። የሳቀ የለም።

«አትቀልድ፣ ታዴ! ይህ ከእንግዲህ ብር ሠሪ ጋ ቀርቦ የሚመዘን ነገር ነው። አልወስደውም።»

አዴ ኑሪያ አማርኛ ጥቂት ይሰማሉ፤ የሰዎቹ ድምፅ መክበዱን ግን ሰሙ። ወደ ሐሊማ ዘወር ብለው በኦሮምኛ ጠየቁ። ሐሊማ ግራ ገብቷት ወደ እኔ አየች። «ስለ ዋጋው እየተነጋገሩ ነው በያቸው» አልኋት። ምክንያቱን ባስረዳቸው ሁለት ቀን ሙሉ የደከሙበትን እጃቸውን መስደብ መሰለኝ። ጣቶቻቸው ጫፍ ላይ አመዱ የፈጠረው ስንጥቅ ይታይ ነበር። ብሩን በዓይን አይተው እንዳላጠቡት ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ በጣታቸው ዳብሰው፣ ሻካራው እስኪለቅ ነበር የፈተጉት። ለሰው የሚሰጥ ዕቃ ቆሽሾ አይሰጥምና። እኔም ሥርዓቱ እንደሚያዘው ቡናማ ፖስታዬን አወጣሁ፤ ብሩንና ገንዘቡን ጨመርሁ፤ ጋሽ ሽኩር ፈረመ፤ አዴ ኑሪያ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አኖሩ። የት ላይ እንደሚያኖሩት እጃቸውን ይዤ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ አዴ ኑሪያ ብቻቸውን ከደጄ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እንዴት እንደመጡ አላውቅም። ከመቀነታቸው ያወጡት ግን ጨርቅ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ነበር። የአንድ ሆስፒታል ቀጠሮ፤ አዲስ አበባ፣ የዓይን ክፍል፣ የዚያው ሳምንት ዓርብ። የግራ ዓይናቸው ከዓመት በፊት ጠፍቷል፤ የቀኙም በዓይን ግፊት ሕመም እየሄደ ነው። ሐኪሙ በቀጠሮው ቀን ካልተሠራ እርሱም ይሄዳል ብሏቸዋል። ድሪው የተሸጠው በየጊዜው ለመመላለሻ ነበር። ኦሮምኛዬ ያኔ ደካማ ቢሆንም ነገሩን ለመረዳት ኦሮምኛ አላስፈለገኝም።

«ኢንተላ ኮ፣» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ «ሐሙስ ጠዋት መኪና ነው። ገንዘቡ ሁሉ ይቅር። ግማሽ ስጪኝ።»

«አዴ፣ ገንዘቡ የጋሽ ሽኩር ነው። እሱ ሳይስማማ ልነካው አልችልም።»

«እሱን ጠይቂው።»

«የለም፣ አዴ። ሸቀጥ ይዞ በሃረና በኩል ወርዷል። የሚመለሰው ዓርብ ማታ ነው።»

ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። ከዚያ «እንግዲያ ብሬን ስጪኝ። ለብር ሠሪው ልሽጠው። በሚዛን ይግዛው፤ ምንም አይደለም።»

«ብሩም ክርክር ላይ ነው። እስከ ቅዳሜ ነው ሕጉ።»

«ቅዳሜ» አሉ፤ ቃሉን በእጃቸው ይዘው የሚመዝኑት ይመስል። «ዓርብ ከቅዳሜ ይቀድማል እኮ፣ ልጄ።»

ይህን ሲሉ አልተቆጡም። ቀን መቁጠር ለሳተ ሰው እንደሚያስታውስ አድርገው ነው የተናገሩት። እኔም ደጋግሜ ስለ ሕጉ አስረዳኋቸው፤ ድምፄ የለሰለሰ ነበር፤ በየቃሉ መካከል «ይቅርታ ያድርጉልኝ» እል ነበር። ሻይ እንዲጠጡ ለመንኋቸው፤ አልጠጡም። እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው።

ከዚህ በታች ያለውን ለማንም ነግሬ አላውቅም። በዚያ ሳምንት ሰኞ ደመወዝ ተከፍሎናል። አዴ ኑሪያ ደጄ ላይ ሲቀመጡ ከአልጋዬ ራስጌ ባለው ሻንጣ ውስጥ አራት መቶ ምናምን ብር ነበረኝ። አላሰብሁትም ብል እዋሻለሁ፤ አሰብሁት። ለተከራካሪ ገንዘብ የሚያበድር ዳኛ ከእንግዲህ ዳኛ አይደለም ብዬ አሰብሁ፤ ጋሽ ሽኩር ቢሰማ ለሴትዮዋ አደላች ይለኛል ብዬ አሰብሁ፤ አሥራ አንዱ ንጹሕ ፖስታዎቼ ታሰቡኝ። ስለዚህ ረቡዕ ከሰዓት ወደዚያ ማዕዘን ወርጄ አመድማውን ካፖርት በሰማንያ ብር ገዛሁት። አምስት ብር ስላስቀነስሁ ደስ ብሎኝ ነበር። ልክ ነበር፤ ትከሻው ለእኔ የተሰፋ ይመስል ነበር። ሐሙስ ጠዋት አውቶቡሱ ጥሩምባ ሲነፋ፣ በአዲሱ ካፖርቴ ውስጥ ሆኜ ወደ ክፍል እየሄድሁ ሰማሁት።

ቅዳሜ ውሳኔዬን አነበብሁ። ሻጭ ሆን ብላ አላበላሸችም፤ ገዢ ግን የተስማማበትን ዕቃ አላገኘም፤ ስለዚህ ብሩ ለገዢ፣ ከገንዘቡ መቶ አርባ ለሻጭ፣ ቀሪው ለገዢ ይመለስ። ስለ ቀጠሮው አንድ ቃል አልጻፍሁም፤ ሻጭ ለምን እንደሚሸጥ አይነገርምና። ጋሽ ታደሰ ጠረጴዛውን በመዳፉ መትቶ «ፍርድ እንዲህ ነው!» አለ። ጋሽ ሽኩር እንኳ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። የአዴ ኑሪያን ገንዘብ የተቀበለችው ሐሊማ ነበረች፤ ቆጠረችው፣ አመሰገነች፣ ሄደች። እናትየዋ አልመጡም።

ገንዘቡን ይዘው በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አበባ መሄዳቸውን፣ ተራው አልፏል ተብለው ለሦስት ወር መቀጠራቸውን፣ ሦስቱ ወር ሳይሞላ የቀኙ ዓይን መጥፋቱን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። የነገረኝ ጋሽ ሽኩር ራሱ ነበር። ሐሊማ ለመከናነቢያ የሚሆን ጨርቅ ልትገዛ ሱቁ ገብታ ሁሉን አውርታለታለች፤ ማክሰኞ እናቷ ወደ እኔ መምጣታቸውን ጭምር። ሱቁ ጠርቶኝ በሩን ገርበብ አደረገ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር።

«ቲቸር፣ አውቀሽ ነበር?»

«አውቄ ነበር።»

«ቅዳሜ ያንን ወረቀት ስታነቢ አውቀሽ ነበር?»

«ሕጉ ጋሽ ሽኩር፣ ሻጭ ለምን እንደሚሸጥ ...»

«ሕጉን ያወጣነው እኮ እኛ ነን!» አለ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «በሾፌር ብትልኪልኝ ከሃረና ማዶ ደሎ መና ድረስ መልእክት ይደርሰኝ ነበር። በየቀኑ ነው መኪና የሚወርደው። እኔን ሰው አይደለም ብለሽ ነው? ስለ አንድ የታጠበ ብር የሰው ዓይን የማጠፋ መሰልሁሽ?»

ሾፌሩን አላሰብሁትም ነበር። በእውነት አላሰብሁትም። ሁለት መቶ ጊዜ ያለፈኝ የሃረና መኪና፣ ከፎቶ ቤቱ ደጃፍ ተሳፋሪ የሚጭነው፣ በዚያ ሳምንት ውስጥ በአእምሮዬ አንድም ጊዜ አልተነሣም። ጋሽ ሽኩር ከዚያ በኋላ ቅዳሜ አልመጣም። ሳንቲሞቹን ለአንድ የአዲስ አበባ ሰው በጅምላ ሸጠ ተባለ። እኔን ግን ሌሎቹ እስከ መጨረሻው «ፍርደ ገምድል አይደለችም» እያሉ ያመሰግኑኝ ነበር። ጋሽ ታደሰ ሲሞት ፎቶ ቤቱ ተዘጋ፤ ቡድኑም እንደዚያው ተበተነ።

ዛሬ ሦስተኛ ኪስ የለም። ማንም ማንንም አያይም። ሻጩ ዲንሾ፣ ገዢው አዳማ፣ ገንዘቡ አየር ላይ ነው። ያልከፈለ ሰው የከፈለበት ደረሰኝ አስመስሎ ይልካል፤ የተቀበለ ሰው ቁጥሩን ይቀይራል። እኔ ቀን አላቆይም። ጉዳዩ በደረሰኝ በሰዓቱ፣ የሚቸኩለው ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ የቸኮለውን አስቀድማለሁ። ታዲያ ይህ ስለታወቀ ሁሉም ይቸኩላል። አንዱ ልጄ ሆስፒታል ነው አለኝ፤ ለቀቅሁለት፤ ልጅ የለውም። አንዲት ሴት እናቴ ልትቀበር ነው አለች፤ ለቀቅሁላት፤ በሳምንቱ እናትየዋ ራሷ ስልኩን አነሣች። የተበደሉት ገዢዎች ሀብታሞች አይደሉም፤ አንዱ ቴምብር ለመግዛት የሁለት ወር ትርፍ ሰዓት የሠራ ጥበቃ ነበር። ከራሴ ከፈልሁት፤ የመጀመሪያውንም፣ ሁለተኛውንም። ጡረታዬ ተቃርቧል፤ እንዲህ እስከ መቼ እንደምቀጥል አላውቅም። በሳምንቱ ቆይታ ሰው ዕውር ሆነ፤ በችኮላው ደግሞ ሌባ ይከብራል። በመካከል የሚቆምበት ቦታ አለ የሚል ሰው ቢመጣ በትሕትና እሰማዋለሁ፤ እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ፈልጌ አጣሁት። የማክሰኞውንም ጉዳይ እንደዚሁ ነው የጨረስሁት። ለዲንሾው ሻጭ ስልክ ደውዬ «ለምን አጠብከው?» ብዬ ስጠይቀው «ታዲያ እንዴት አቆሽሼ ልላክለት፣ እትዬ?» አለኝ። ለገዢው የከፈለውን ግማሽ፣ ለሻጩም የቀረበትን ግማሽ ከኪሴ ሞላሁ። ገዢው ሲያመሰግነኝ ሻጩ ግን ጥፋተኛ አስመሰልሽኝ ብሎ ሰድቦኝ ከቡድኑ ወጣ።

አዴ ኑሪያን አንድ ጊዜ ብቻ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ከጋሽ ሽኩር ጋር ከተነጋገርን ከዓመት በኋላ፣ ወደ ሮቤ በምዛወርበት ሰሞን። ስኳርና ሳሙና ይዤ፣ ከኪሎ ሜትር በላይ በገብስ ማሳ መካከል ሄድሁ። ኦሮምኛዬ በዚያን ጊዜ በቂ ሆኖ ነበር። ሐሊማ በር ላይ አየችኝና ሰላምታዋ ቀዘቀዘ፤ ግን አስገባችኝ። አዴ ኑሪያ በግድግዳው ጥግ ቁርበት ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ መልሰው ነበር። እጄን ይዘው ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሱና «አስተማሪዋ ናት» አሉ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ወላጆቼ፣ ስለ ተማሪዎቼ ጠየቁኝ። ለምን አላገባሽም አሉኝ፤ ሳቁብኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አዘጋጅቼ የሄድሁት ንግግር በአራት ዓረፍተ ነገር የተጠና ነበር፤ የመጀመሪያውን ጀመርሁ፤ በእጃቸው ጉልበቴን መታ መታ አድርገው አቋረጡኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር» አሉ። «ያ ነጋዴ ብሩን ወደደው?»

ሐሊማ ወተት ልትቀዳ ያነሣችውን ቅል እንደያዘች ቆመች። የብሩ መታጠብ የጠቡ ምክንያት እንደነበር በዚያ ቤት ማንም እንዳልነገራቸው ገባኝ።

«በጣም ወደደው» አልኋቸው።

«ሁለት ቀን ነው ያጠብሁት» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «እናቴ እንዳደረገችው፣ በሎሚና በአመድ። የእናቴን ዕቃ እንደቆሸሸ ለሰው አልሰጥም ብዬ። ዓይኔ ባያይም እጄ ያያል።»

«ንጹሕ ነበር፣ አዴ። ሁላችንም አይተነዋል።»

 ከዚያ በእርጋታ፣ ወቀሳ በሌለበት ድምፅ፣ የማይገጥም ሒሳብ ደግሞ እንደሚደምር ሰው፣ በኦሮምኛ ጠየቁኝ፦

«ከወደደው፣ ታዲያ ሳምንት ሙሉ ለምን ያዛችሁት?»

ሐሊማ ልትተረጉምልኝ ወደ እኔ ዞረች፤ ከዚያ ፊቴን አየችና ተወችው።